ሳነቴ ላይ የታጠረ ሳር

ኢፍቱ ቤት ልትከራይ ስትመጣ ከሻንጣዋ ቀድሞ ወደ ግቢዬ የገባው የሽቦ ጥቅል ነው። ባለቤቴ ካረፉ በኋላ ከዋናው ቤት በስተጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል አከራያት ነበር። ከእሷ በፊት አስተማሪም የባንክ ሠራተኛም ኖረውባታል፤ እሾሃማ ሽቦ ይዞ የመጣ ተከራይ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ምን ልታጥሪበት ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«ሳር ነው የማጥርበት፣ እትዬ» አለችኝ።

የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ከጎባ በላይ ወዳለው ወደ ሳነቴ ተራራ የሚወጣ መኪና እስኪገኝ ድረስ ሽቦው በረንዳዬ ላይ እንዲቀመጥላት ብቻ ለመነችኝ።

ስሜ ወለተኢየሱስ ነው። አያቶቼ ከሸዋ መጥተው ነው ጎባ የሰፈሩት፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አግብቼ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ልጆቼ አዋሳና አዲስ አበባ ናቸው። ስለ ሳርና ስለ ቀበሮ የማውቀው ነገር አልነበረም። የማውቀው ኢፍቱን ነው፤ የማወራውም ከአፏ የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ኢፍቱ የሮቤ ልጅ ናት። ያን ጊዜ ሠላሳን አልፋለች። አባቷ ሀጂ መሀመድአወል የገብስና የስንዴ ነጋዴ ነበሩ፤ ታላቅ እህቷ ረቢያ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አላት። ኢፍቱ ባዮሎጂ ተምራ ስትመለስ ጎባ ቢሮ በነበረው አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ፕሮጀክት ተቀጠረች። መጀመሪያ ሥራዋ ጥናት አልነበረም። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ስለምትናገር፣ ባለሙያዎቹ ከከብት አርቢዎች ጋር ሲሰበሰቡ ታስተረጉም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ሮቤ ላይ በተደረገ እንዲህ ያለ ስብሰባ ነው። የፕሮጀክቱ ሰዎች ከብት በዝቶ ሳነቴን እየጎዳው ስለሆነ ከላይኛው ግጦሽ መውጣት እንዳለበት አስረዱ። ያኔ ከኋላ ወንበር አዴ ዙሀይራ የሚባሉ ሴት ተነሱ። ባላቸው ሞተውባቸው ከብቱን ከልጃቸው ከሙህዲን ጋር የሚጠብቁ፣ ቤታቸው እዚያው ተራራው አፋፍ ላይ የሆነ ሴት ናቸው። በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ኢፍቱ ወደ አማርኛ መለሰችው።

«ከብቱ ይውጣ አላችሁ። እሺ፣ ወጣ እንበል። ሳሩ ምን ይሆናል? ሳሩ ሲረዝም ፍልፈሉ ይበዛል ወይስ ይሸሻል? ፍልፈሉን የሚበላው ቀበሮስ? ከሥር የሚመነጨው ውሃስ? አይታችሁት ነው የምትነግሩን?»

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ክብሩ ቅን ሰው ነው፤ አልዋሸም። ይህ ጥናት የሚፈልግ ጥያቄ ነው ብሎ መለሰ። ኢፍቱ መልሱን ወደ ኦሮምኛ ስታዞረው ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ፤ ስብሰባውም ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ። ኢፍቱን ግን አላለፋትም። ጥያቄው በእሷ አፍ ስላለፈ እዚያው ጉሮሮዋ ላይ የቀረ ይመስለኛል።

በማግስቱ ክብሩ ቢሮ ገብታ ስለ ሳነቴ የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ ጀመረች። ያልተጻፈ የለም። ቀይ ቀበሮውን የቆጠሩ አሉ፤ ወፉን የቆጠሩ አሉ፤ የዕፅዋቱን ስም የመዘገቡ አሉ። «ቀበሮውን ያየ ሳሩን አላየም፤ ሳሩን ያየ ከብቱን ረሳ፤ ከብቱን የቆጠረ ደግሞ ባለከብቱን አልጠየቀም» ትለኝ ነበር። ተራራው ግን አንድ ላይ ነው የሚኖረው። አንዱ ሲነካ ሌላው ምን እንደሚሆን፣ ነገ በዚህ ግጦሽ ላይ ውሳኔ ለሚያሳልፍ ሰው የሚጠቅም ነገር የጻፈ አላገኘችም። ክብሩን ይህን ላጥናው ፍቀድልኝ አለችው። ፈቀደላት፤ የሚረዳት ሰው ግን የለም አላት። ሽቦው ያኔ የተሰጣት ነው።

ያሰበችው ነገር ለእኔም ገብቶኛል፤ አንድ ምሽት ምድጃ ዳር ተቀምጠን በክብሪት እንጨት ሠርታ አሳየችኝ። ሦስት ዓይነት መሬት ጎን ለጎን ትለያለች። አንዱ ከብት ጨርሶ የማይገባበት የታጠረ ነው። ሁለተኛው አጥርም በርም ያለው ሆኖ፣ ዘር ከረገፈ በኋላ ለአጭር ጊዜ ብቻ ተከፍቶ የሚጋጥ ነው። ሦስተኛው እንደ ድሮው ክፍት ነው። ከዚያ ዓመት እስከ ዓመት ሳሩን፣ የፍልፈሉን ጉድጓድ፣ የቀበሮውን መምጣትና መሄድ፣ ከዝናብ በኋላ መሬቱ ውሃ መያዝ አለመያዙን ማየት። «ይኼው ነው፣ እትዬ። ከባዱ መቆየቱ ነው» አለች።

እውነቷን ነው። ከባዱ መቆየቱ ነበር።

ቦታው ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚያልፈው መንገድ ላይ ከመኪና ወርደው በእግር ብዙ የሚሄዱበት ነው። አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተሠራላት። አንድ ጊዜ ክረምት ሳይገባ ወስዳኝ አይቻታለሁ። አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የውሃ ጀሪካን፣ መስገጃ። ውጪው ሜዳ ነው፤ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እንደ ሰው ቆሞ ቆሞ ይታያል። ጭጋግ ሲመጣ ጅብራውም ይጠፋል። ንፋሱ ቆርቆሮውን ሲመታ ሰው በር ያንኳኳ እየመሰለኝ ብዙ ጊዜ ዞር አልኩ። እሷ አንድም ጊዜ አልዞረችም፤ ለምዳዋለች። ያ ከሁሉ ይልቅ አሳዘነኝ።

ስትወርድ ድምፅዋ ይሻክር ነበር። ጉንፋን ይዟት መስሎኝ ዳማከሴ አሽትቼ እሰጣት ነበር፤ ኋላ ነው የገባኝ፣ ለብዙ ቀን ከማንም ጋር ሳታወራ ስለምትቆይ ነው። ቤት ስትሆን የእኔን ሬዲዮ ታስከፍተኛለች፤ ወሬውን አትሰማም፤ የሰው ድምፅ እንዲኖር ብቻ ነው። በእኔ ጾም የእሷም ወጥ ጾም ይሆናል፤ በረመዳን መግሪብ ላይ ሾርባ ሠርቼ እጠብቃታለሁ። እንዲህ ሆነን ኖርን።

ከብት አርቢዎቹ መጀመሪያ አልወደዷትም። አጥር ካዩ መሬታቸው ሊወሰድ ነው ማለት ነው። ሰላምታዋን ይመልሳሉ፣ ቁም ነገር አያወሯትም፣ ስትቀርብ ወሬያቸውን ያቆማሉ። የተፈጥሮ ጥበቃ ሠራተኞቹ በበኩላቸው ከከብት አርቢ ቤት ወተት ስትጠጣ ስላዩ በጎሪጥ ያዩዋት ጀመር። በአንደኛው ዓመት አጥሩ በሦስት ቦታ ተቆርጦ ከብት ገብቶበት አገኘችው። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ሳር እስከ ሥሩ ተግጧል።

ማን እንደቆረጠው የነገሯት አዴ ዙሀይራ ራሳቸው ናቸው። ልጃቸው ሙህዲን ነው። ቤታቸው ጠርተዋት ወተት ሰጧትና፣ ልጄ ሌባ አይደለም፣ አጥርሽ ከብቱ ወደ ሆራ የሚሄድበትን መንገድ ዘግቶ ነው አሏት። ሆራ ከብት ጨው ያለው ውሃ የሚጠጣበት ምንጭ ነው፤ ያን ካልጠጣ አይሰባም። ኢፍቱ መንገዱን አታውቅም ነበር። ቅር ሳይላት ከሙህዲን ጋር ሆና ሽቦውን ነቅላ ወዲያ አሸጋግራ ተከለች። የአንድ ዓመት ሥራዋ ግን ቀለጠ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ከዚያ በኋላ አዴ ዙሀይራ «ኢንታላ ኮ» ይሏት ነበር፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ድሮ ከብቱ በክረምት ወደ ላይ፣ በበጋ ወደ ጫካው ይወርድ እንደነበር፣ ጎዳንቱ የሚሉትን ይህን የወቅት ጉዞ አሁን እርሻውና ሰፈራው መንገዱን ስለዘጋው አብዛኛው ሰው ከብቱን ዓመቱን ሙሉ እላይ እንደሚያቆይ ያጫወቷት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን የእሳቸውም ቤት ሩቅ ነው፤ ሥራም ይበዛባቸዋል። ወር አልፎ ወር ሳይገናኙ ይከርማሉ።

በዚያው መሃል ዘይነዲን የሚባል የሮቤ ልጅ ሊያገባት ጠይቆ ነበር። ጥሩ ልጅ ነው፤ ግቢዬ መጥቶ አውቀዋለሁ። ትወርጃለሽ ሲላት ሳሩ ዘር ከጣለ በኋላ ትላለች፤ ያ ሲያልፍ ዝናቡ ይግባና ትላለች። እሱም ጠበቀ፣ ጠበቀና ሌላ አገባ። የሠርጉ መኪኖች ጥሩንባ እየነፉ በሮቤ አደባባይ ሲያልፉ እሷ ሚኒባስ ውስጥ ሆና አይታቸዋለች። ይህን ስትነግረኝ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ታልቅስ አታልቅስ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

የአባቷ ነገር ግን የተለየ ነው።

ረቢያ የደወለችው ለእኔ ነው። የኢፍቱ ቦታ ኔትወርክ ስለሌለው ቤተሰቦቿ ስልኬን ይዘው ነበር። ሀጂ መሀመድአወል ከዙህር ሶላት ሲመለሱ ወድቀዋል፤ ሆስፒታል ሳይደርሱ አርፈዋል። የሙስሊም ቀብር አይቆይም። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ ደሎ መና የሚሄዱት መኪኖች ወደሚቆሙበት ሮጥኩ። ገዛኸኝ የሚባል የአይሱዙ ሾፌር ሊነሳ ሲል ደረስኩበት። ነገርኩት፤ እሱም መንገዱን ትቶ በእግሩ ሊፈልጋት ማለልኝ።

ቃሉን ጠበቀ። ግን ያን ቀን ሳነቴ በጭጋግ ተዘግቶ ነበር። ገዛኸኝ መኪናውን አቁሞ ስሟን እየጠራ ገባ፤ አቅጣጫው ጠፋበት፤ ብዙ ተንከራቶ የአዴ ዙሀይራን ቤት አገኘ። ወደ ኢፍቱ የወሰደው ሙህዲን ነው። ያገኟት አጥሩ ውስጥ ሳር ለመለካት ተንበርክካ ነው። ከዚያ መንገድ ዳር ወጥታ ወደ ጎባ የሚመለስ መኪና ስትጠብቅ ጊዜው ሄደ።

ሮቤ ስትደርስ አባቷ አፈር ለብሰዋል። እኔ ቀድሜ ሄጄ ሴቶቹ መካከል ተቀምጬ ነበርና ስትገባ አየኋት። ጫማዋ ላይ የሳነቴ ጭቃ አለ። ረቢያ ተነስታ አላቀፈቻትም። እንዲህ ብቻ አለቻት፦

«ሲጠሩሽ ነበር። ኢፍቱ የት ናት አሉኝ። ሳር ስትጠብቅ ነው አልኳቸው።»

ኢፍቱ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለችና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ኢና ሊላሂ አለች። ረቢያ ክፉ ሆና አይደለም፤ ሐዘን ነው ያናገራት። ኋላ ታርቀዋል። ቃሉ ግን ከተነገረ ተነገረ።

ለቅሶው እንዳለቀ ትተወዋለች ብዬ ነበር። አንድ ጠዋት ጀሪካኗን ስታጥብ አገኘኋት። መሄድሽ ነው ወይ አልኳት። «አሁን ብተወው እሳቸውን በምን ነው የለወጥኳቸው?» አለችኝ። ዳቦ ቋጥሬላት ሄደች።

ዓመታት አለፉና ያየችው ነገር መልክ ያዘ። እኔ እንደገባኝ ልናገር። ፈጽሞ በታጠረው መሬት ሳሩ መጀመሪያ አማረ፤ ፍልፈሉም በዛ፤ ቀበሮዎችም ጠዋት ጠዋት እየመጡ ያደፍጡ ጀመር። ቆይቶ ግን ጭቁኝ የሚባለው ተክልና ቁጥቋጦው ሳሩን እየዋጠ፣ ፍልፈሉም እየሳሳ ሄደ። ክፍቱ መሬት፣ በተለይ ሆራው አጠገብ ያለው፣ አፈሩ ተራቁቶ ዝናቡን ሳይጠጣ ያወርደዋል፤ እዚያ ፍልፈልም ቀበሮም የለም። በር ያለው፣ በወቅቱ ብቻ የሚጋጠው፣ እሱ ነው የተሻለው። ሳሩም፣ ፍልፈሉም፣ ውሃውም እዚያ ይዟል። በእሷ አጥር ውስጥ እንዲህ ነው የሆነው፤ ሌላ ቦታ እንዲህ ይሁን አይሁን «አላውቅም» ነበር የምትለው።

መልሱን ልትናገር በድጋሚ ሮቤ ስብሰባ ተጠራ። እኔንም ይዛኝ ሄደች፤ ሌላ ሰው ስላልነበራት ነው። ረቢያ ሱቋን አልዘጋችም፤ አልመጣችም። ኢፍቱ መድረክ ላይ ወጥታ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ፣ መልሳ እሱኑ በኦሮምኛ እያደረገች ተናገረች። አስተርጓሚም ራሷ፣ ባለጉዳይም ራሷ።

እንደጨረሰች የጥበቃ ሰዎቹ ፊታቸው ጠቆረ። ለዓመታት ከብት ይውጣ ሲሉ ኖረው፣ አሁን ከብት በወቅቱ ቢገባ ይሻላል ማለት ሥራቸውን የሚያፈርስባቸው መሰላቸው። አርቢዎቹም ደስ አላላቸውም። በወቅቱ ብቻ ይጋጥ ማለት በቀረው ጊዜ ሌላ ቦታ ይሂድ ማለት ነው፤ ሌላ ቦታ ደግሞ የለም። ከብት መቀነስ ሊኖርባቸው ነው። አንድ ሽማግሌ ከፊት ወንበር ተነስተው በኦሮምኛ፣ አንቺ ከማን ወገን ነሽ አሏት።

ፊቷን ወደ ሽማግሌው አዞረች። ከዚያ «ያየሁትን ነው የተናገርኩት፣ አባቴ» አለች፤ ያንንም ወደ አማርኛ መለሰችው።

አዴ ዙሀይራ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ያን ጥያቄ ያነሱት እሳቸው ናቸውና ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገሩም። ጎረቤቶቻቸው መካከል ተቀምጠዋል፤ ከእነሱ ጋር መኖር አለባቸው። አልፈርድባቸውም። ስንወጣ የኢፍቱን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩና ወደ መጡበት መኪና ሄዱ።

ክብሩ ደጅ ድረስ ሸኘን። ሥራሽ ትክክል ነው አላት፤ ግን በሌላ ቦታ ተደግሞ እስኪታይ ሥራ ላይ የሚያውለው የለም፣ ፕሮጀክቱም ሊዘጋ ነው አላት። በዚያው ዓመት ተዘጋ። ክብሩ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። የቆርቆሮ ክፍሏ ፈረሰች፤ ሽቦው እየተነቀለ ለድንች ማሳ አጥር ሆነ። ኢፍቱ ሮቤ በአስተማሪነት ተቀጠረች፤ ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ማታ ወደ እኔ ትመለሳለች። ስለ ሳነቴ አንስታ አታውቅም። ሰማዩ ሲጠራ ግን በረንዳው ላይ ቆማ ወደዚያ ስታይ አያት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። በር ያለውን አጥር አዴ ዙሀይራ አላስነቀሉትም። ለጥናት ብለው አይደለም፤ በበጋ ጥጃዎቻቸው የሚበሉት ያገኙበታል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ኢፍቱ እየወጣች ታየው ነበር። በሦስተኛው ዓመት ስትሄድ የአዴ ዙሀይራ ቤት ተዘግቶ አገኘች። ሙህዲን ከብቱን ግማሹን ሸጦ ቆላ፣ ብድሬ ወደምትባል ከተማ ወርዶ የከብት ንግድ ይዟል፤ እናቱንም ወስዷቸዋል። የሚሰናበቷት መንገድ አልነበራቸውም፤ ስልክ የላቸውም። ኢፍቱ ብቻዋን አጥሩ ውስጥ ገብታ እንደ ልማዷ ሳሩን ለካች፤ በሩን በሽቦ አስራ ወረደች። ለማን እንደምትለካው እንኳ እንደማታውቅ ነገረችኝ።

ባለፈው ዓመት፣ ከሳነቴ ወዲያ ጫካው ውስጥ ካለችው ከአንገቱ ከተማ፣ ለሊሳ የሚባል የወረዳ ባለሙያ ደወለላት። በዚያ ስብሰባ ኋላ ተቀምጦ ሰምቷት ነበር። ወረዳቸው ውስጥ ሰዉ ቡናውን ለማሳደግ ከጫካው ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ሁሉ እየመነጠረ ነው፤ ቡናው ይበዛል፣ ነገር ግን ትልልቆቹ ዛፎች ሲያረጁ የሚተካቸው ችግኝ የለም፤ ንቡም እየራቀ ነው ይላሉ ማር ቆራጮቹ። ምን ያህል ቢመነጠር ጫካውም ቡናውም ይኖራሉ የሚለውን የሚያይልን ሰው እንፈልጋለን አላት። ጥቂት ሰዎች ከጫካቸው ከፍለው ሊሰጧት ተስማምተዋል። መልሱ ደስ ላይላቸው እንደሚችል ቀድማ ነገረችው። እሱም፣ እሱን ነግሬያቸዋለሁ፣ የሚከፋው ካሁኑ ይውጣ ብያቸዋለሁ አላት።

ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤቱን ለቅቃ ሄደች። ረቢያ ከሮቤ መጥታ ብርድ ልብስና የአባታቸውን ካፖርት ሰጠቻት፤ እስከ መኪናው ድረስም ሸኘቻት።

ለዒድ ደወለችልኝ። እዚያ አንገቱ ከተማ ዝናቡ አላቆመም አለች። የተከራየችው ክፍል ጣሪያ ላይ ጉሬዛዎች ይዘላሉ። ሶላቱን ከማታውቃቸው ሴቶች ጋር ሰግዳ፣ አንዷ ምሳ ጠርታት ሄዳ፣ ሁሉም የሚያወሩት ስለ ዘመዶቻቸው ስለሆነ ዝም ብላ በልታ ተመለሰች። ጫካውን ጀምራዋለች። ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ብዬ ጠየቅኋት።

«ዛፍ ነው፣ እትዬ» አለችኝ። «ከሳር ይረዝማል።»

እኔስ እስከዚያ እኖራለሁ ወይ ልላት አስቤ ተውኩት። ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ፤ ደህና ነው አልኳት። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። መልሳ ትደውል እንደሆነ ብዬ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ቆየሁ፤ ካፊያው ሲጀምር ተነስቼ የተሰጣውን ልብስ አስገባሁ።